«ዳርዊን!»፦ ስለ ጣልያኑ የፕሮግረሲቭ ሮክ አልበም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህን አልበም ላገኘሁት ሰው ሁሉ አስደምጣለሁ። አንዳንዱ አምስት ደቂቃ ሰምቶ ማዳመጫውን ይመልስልኛል። አንዳንዱ ደግሞ ማታ ይደውልና ጥያቄ ያዥጎደጉዳል። ጥያቄዎቹ ከሰው ሰው ብዙም ስለማይለያዩ እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በእኛ የቆጠርኩት ላይ «ዓ.ም.» ብዬበታለሁ።

«ዳርዊን!» ምንድን ነው?

ባንኮ ዴል ሙቱዎ ሶኮርሶ የተባለው የጣልያን ባንድ በ1972 ያወጣው ሁለተኛ አልበም ነው። ያሳተመው ሪኮርዲ ነው። ሰባት ሙዚቃዎች አሉት፤ ሁሉም ተደምረው 47 ደቂቃ ገደማ ይሆናሉ።

ሰባቱም የሚተርኩት አንድ ታሪክ ነው። ሕይወት ከሕዋስ ይነሣል። እንስሳ ይሆናል። እንስሳው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ከመንጋ ጋር ይገናኛል፣ ያፈቅራል፣ በመጨረሻም ጊዜ እያለቀበት መሆኑ ይገባዋል። እንዲህ ከዳር እስከ ዳር አንድ ሐሳብ ይዞ የሚሄድ ሥራ ኮንሴፕት አልበም ይባላል። እየመረጡ መስማት ይቻላል። ግን ልብ ወለድን ከመሃል ገልጦ እንደማንበብ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ ያምራል፣ ማን ለማን እንደሚናገር ግን አይታወቅም።

ርዕሱ ላይ ያለው ቃለ አጋኖ የራሳቸው ነው። ሲጽፉት እንዳትረሱት።

የዳርዊን የሕይወት ታሪክ ነው?

አይደለም። እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ቻርልስ ዳርዊን ስለ ዝርያዎች አመጣጥ የጻፈውን መጽሐፍ በ1859 አሳተመ። ስለ ሰው አመጣጥ ደግሞ በ1871። በሁለተኛው ላይ የሰው ጥንተ ዘመዶች የኖሩት አፍሪካ ውስጥ ሳይሆን እንደማይቀር ገምቷል። ያኔ ለዚህ ማስረጃ የሚሆን አንድም የአፍሪካ ቅሪተ አካል በእጁ አልነበረም።

ባንዱ ከሱ የወሰደው የዝግመተ ለውጥ ሐሳቡን ነው። ጺማሙን ሽማግሌ፣ የተጓዘበትን መርከብ፣ ያያቸውን ደሴቶች አልበሙ ውስጥ አትፈልጓቸው። የሚናገረው ተለዋዋጩ ፍጡር ራሱ ነው። ለእኔ የዚህ ሥራ ትልቁ ነገር እዚህ ላይ ነው። ስለ ዝግመተ ለውጥ ብዙ ተጽፏል፤ ሁልጊዜ ግን ከውጭ ሆኖ፣ በሣጥን ውስጥ ያለ አጥንት እያዩ ነው። እነዚህ ልጆች ከአጥንቱ ውስጥ ሆነው ዘፈኑ።

የባንዱ ስም ምን ማለት ነው?

«የመረዳጃ ባንክ» ብትሉት ትክክል ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጣልያን ውስጥ ሠራተኛው በመዋጮ ያቋቋማቸው የመረዳጃ ማኅበራት ነበሩ። የታመመውን ይረዱ ነበር፣ የሞተውን ይቀብሩ ነበር። እድር ላለው ሰው ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልገውም። ባንኮ ሲባል የቡና ቤቱ ባንኮኒ ትዝ ያላችሁም አልተሳሳታችሁም፤ ቃላቱ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።

የመጀመሪያ አልበማቸው ሽፋን የተቆረጠው በሳንቲም ማጠራቀሚያ ቅርጽ ነው፤ ያቺ ከሸክላ የምትሠራው፣ አናቷ ላይ ቀዳዳ ያላት። እኛ ዲስኩንም ሸክላ ስለምንል ሸክላ ከሸክላ ውስጥ ይወጣል ማለት ነው። ይህ በጣልያንኛ አይሠራም፤ በአማርኛ ብቻ ነው።

እነማን ናቸው የተጫወቱት?

የባንዱ ምሰሶ ሁለት ወንድማማቾች ናቸው፦ ቪቶሪዮ ኖቼንዚና ጃኒ ኖቼንዚ። ከሮም አጠገብ፣ በወይን ጠጇ ከምትታወቀው ከማሪኖ ከተማ ናቸው። ቪቶሪዮ ኦርጋንና ሲንተሳይዘር ይጫወታል። ጃኒ ፒያኖና ክላርኔት ይጫወታል። ጊታሩን ማርቼሎ ቶዳሮ፣ ቤዙን ሬናቶ ዳንጄሎ፣ ድራሙን ፒየርሉዊጂ ካልዴሮኒ ይዘዋል።

ሮክ ሲባል ጊታር የሚጠብቅ ሰው መጀመሪያ ግራ ይገባዋል። እዚህ ቤት ጊታሩ እንግዳ ነው፤ ባለቤቶቹ ሁለቱ ኪቦርዶች ናቸው። አንዱ ወንድም ሐረግ ይጀምራል፣ ሌላው ከአፉ ነጥቆ ይጨርስለታል። በ60ዎቹና በ70ዎቹ የአዲስ አበባ ባንዶች ኦርጋን ጆሮው የታሸ አድማጭ የኦርጋኑን ቀለም ወዲያው ይወደዋል ብዬ አምናለሁ።

ድምፃዊው ፍራንቼስኮ ዲ ጃኮሞ ነው። በ1947 በሰርዲኒያ ደሴት፣ ሲኒስኮላ ተወለደ። ግዙፍ ሰው ነበር፣ ጺሙ ደረቱን የሞላ። ድምፁ ግን ከዚያ ሁሉ ሰውነት ውስጥ ቀጭንና ጥርት ብሎ ይወጣል። ኦፔራ የሰማ ሰው ያውቀዋል፤ ግን አይንጠባረርም። ጆሯችሁ ሥር ቁጭ ብሎ የሚያወራችሁ ይመስላል። ግጥሞቹን ከቪቶሪዮ ጋር ጻፉ። ፌዴሪኮ ፌሊኒ ፊልሞቹ ላይ አሳይቶታል፤ እንዲህ ያለ ፊት ያገኘ ዳይሬክተር ሊያልፈው አይችልም ነበር። በየካቲት 2014 ሮም አጠገብ በመኪና አደጋ አረፈ። ያን ቀን አልበሙን ከፍቼ ሁለተኛውን ሙዚቃ መጨረስ አቃተኝ።

ፕሮግረሲቭ ሮክ ምን ዓይነት ሙዚቃ ነው? ጣልያን ውስጥስ ለምን በዛ?

የሮክን መሣሪያ ይዞ የሮክን አጥር የሚያፈርስ ሙዚቃ ነው። ዘፈኑ 3 ደቂቃ ይሁን የሚል ሕግ የለም። ምቱ መሃል ላይ ይቀየራል። ከክላሲካል፣ ከጃዝ፣ ከቤተ ክርስቲያን ዜማ ይበደራል። የተጀመረው እንግሊዝ አገር ነው። ጣልያኖች ግን እጃቸውን ዘርግተው ነው የተቀበሉት። እንደ ጄኔሲስና ቫን ደር ግራፍ ጄኔሬተር ያሉ የእንግሊዝ ባንዶች ጣልያን ውስጥ ያገኙት ፍቅር በአገራቸው ካገኙት የበለጠ ነበር። ወዲያው የጣልያን ልጆች የራሳቸውን ሠሩ። 1972 ላይ ብቻ ፒ.ኤፍ.ኤም. የተባለው የጣልያን ባንድ ሁለት አልበም አወጣ። ባንኮም ሁለት።

ለምን በዛ ለሚለው የእኔ መልስ አጭር ነው። ረጅም ሙዚቃ ቁጭ ብሎ መስማት እዚያ አገር አዲስ ነገር አልነበረም። በኦፔራ ያደገ ሕዝብ 14 ደቂቃ የሚፈጅ ዘፈን አያስፈራውም።

ታሪኩ እንዴት ነው የሚሄደው?

ሸክላው ሁለት ፊት አለው፤ ታሪኩም እንዲሁ። አንደኛው ፊት የተፈጥሮ ነው፣ ሁለተኛው የሰው።

የሚከፍተው «ዝግመተ ለውጥ» ነው። 14 ደቂቃ ሊሞላ ሰከንድ ነው የሚቀረው። ጸጥ ብሎ ይጀምራል። ከዚያ ዲ ጃኮሞ ይመጣና ይለምናችኋል፦ እስቲ ትንሽ ለየት አድርገህ ለማሰብ ሞክር። ታላላቅ አማልክት የሠሩት ነገር የለም፣ ፍጥረት ራሱን በራሱ ፈጠረ ይላል። ልመናው የዋህ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ሙዚቃ ግን የዋህ አይደለም። ይፈላል፣ ይረጋል፣ እንደገና ይፈላል። ኦርጋኑና ድራሙ አብረው ሮጠው በድንገት ይቆማሉ። ምድር ገና ቅርጿ ያልጸናበትን ዘመን በቃል ቢነግሩኝ እንዲህ አይታየኝም ነበር።

ሁለተኛው «ቀጥ ብሎ የመቆም ድል» ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ለረጅም ጊዜ ቃል የለም፤ ድምፃዊው የሚገባው ከግማሽ በላይ ካለፈ በኋላ ነው። እስከዚያ ሙዚቃው ይነሣል፣ ይንገዳገዳል፣ ይወድቃል። ከዚያ እንስሳው አንደበት ያገኛል። ለመነሣት ሞከርኩ ይላል። «መውደቅ» የሚለውን ቃል ደጋግሞ ይለዋል። በመጨረሻ ቆሞ ያያል።

የእህቴ ልጅ መጀመሪያ የቆመ ቀን እዚያው ነበርኩ። ዳዴ ሲል ቆይቶ የሶፋውን ጫፍ ጨበጠ። ጉልበቱ ተንቀጠቀጠ። ዘጭ አለ። አላለቀሰም፣ እንደገና ጨበጠ። ሲቆም ሁላችንም አጨበጨብን፤ እሱ ግን እኛን አላየንም። መስኮቱን ነው ያየው። እስከዚያ ቀን መስኮቱ ለሱ ግድግዳ ነበር። አሁን ውስጡ ዛፍ አለ፣ ሰማይ አለ። ያ ልጅ ያደረገውን ነው ይህ ሙዚቃ በ8 ደቂቃ ከ42 ሰከንድ የሚያደርገው። ለዚህ ነው «ድል» የሚለው ቃል የማይበዛበት።

አንደኛው ፊት የሚያልቀው «የታላላቆቹ ተሳቢዎች ዳንስ» በሚለው ነው። ቃል የለውም፣ 4 ደቂቃ አይሞላም፣ ጃዝ ጃዝ ይሸታል። ከባድ እግር ያላቸው እንስሳት ሲጨፍሩ ይታያችኋል። ደስ ይላል፤ ከሰባቱ ግን ብዙ የማልመለስበት እሱ ነው።

ሸክላው ሲገለበጥ «መቶ እጅ፣ መቶ ዐይን» ይመጣል። ብቻውን የነበረው ፍጡር ከመንጋ ጋር ይገናኛል። መቶ እጅ ያግዘዋል፣ ያበላዋል። መቶ ዐይን ይጠብቀዋል። እኔ እንደምሰማው ግን መቶው ዐይን ይቆጣጠረዋልም። ጎረቤት በሞላበት ሰፈር ያደገ ሰው ይህን ስሜት ለማግኘት ጣልያንኛ አያስፈልገውም። ከዚህ በኋላ ያሉት ሦስቱ የየራሳቸው ጥያቄ ስላላቸው ወደ ታች ውረዱ።

«ከ750,000 ዓመት በፊት... ፍቅር?» ለምንድን ነው ይህን ያህል የሚወደሰው?

ስለሚገባው ነው። ምንም ጊዜ የሌለው ሰው አንድ ዘፈን ስጠኝ ካለኝ ይህን እሰጠዋለሁ።

ሰውዬው ገና ሰው አልሆነም። ውኃ ዳር አንዲት ሴት ያያል። ይፈልጋታል። ቢሆንለት ምን እንደሚያደርግላት ያስባል፦ ገላዋን የውኃ ጠብታ ያለብሰዋል፣ ከእግሯ ሥር ነፋስና ቅጠል ያነጥፋል። ከዚያ ራሱን ያያል። ጸጉራም ነው። እጁ ሻካራ ነው። አፉን ቢከፍት የሚወጣው ቃል አይደለም፣ ጩኸት ነው። ብትሸሽስ?

ፒያኖው ከሥር ቀስ እያለ ይሄዳል። ዲ ጃኮሞ ድምፁን ከፍ የሚያደርገው ተስፋ ሲቆርጥ ነው። እዚህ ላይ ያለው ነገር በጣም ያሳዝነኛል። አንደበት የሌለው ፍጡር ከአልበሙ ሁሉ የሚያምረውን ግጥም በልቡ ይዟል፤ ማውጣት ግን አይችልም። ርዕሱ ላይ ያለው የጥያቄ ምልክትም ለዚህ ነው። ስሙን የማታውቀው ነገር ልብህን ሲያስጨንቀው ያ ፍቅር ነው ወይ? ባንዱ አይመልስም። አለመመለሱ ልክ ነው።

አሁን አንድ እውነተኛ ነገር ልጨምር። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አዋሽ ዳር፣ መልካ ቁንጥሬ አለ። እዚያ ጎምቦሬ በተባለው ስፍራ 700,000 ዓመት ግድም ያስቆጠረ የእግር ዱካ ተገኝቷል። የትልልቆችም የሕፃናትም ነው። አጠገቡ የድንጋይ መሣሪያና የታረደ ጉማሬ አጥንት አለ። ውኃ ዳር ነበሩ ማለት ነው፣ ልጆቻቸውን ይዘው፣ እየሠሩ። ጥናቱን በ2018 ያወጡት የሮም ሳፒየንዛ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሚመሩት ቡድን አባላት ናቸው። የባንኮ አገር ሰዎች። ዘፈኑ የተሠራው ከዚያ 46 ዓመት ቀድሞ ነው፤ ስለዚህ ያንን ዱካ ሊያውቁት አይችሉም ነበር። እኔ ግን አሁን ዘፈኑን ስሰማ ያቺ ሴት የቆመችበት ጭቃ የመልካ ቁንጥሬ ጭቃ ነው።

መልካ ቁንጥሬ በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የቡታጅራን መንገድ የምትሄዱ ሰዎች መኪናውን አቁሙና ግቡ።

ሳይንሱ ትክክል ነው?

ከፊሉ። ትልቁ ስህተት የተሳቢዎቹ ዳንስ ያለበት ቦታ ነው። ዳይኖሰሮች ከጠፉ 66 ሚሊዮን ዓመት ሆኗቸዋል። ቀጥ ብሎ የሚሄድ የእኛ ዘመድ የመጣው ከዚያ በጣም፣ በጣም ቆይቶ ነው። አልበሙ ላይ ግን መቆሙ ሁለተኛ፣ ዳንሱ ሦስተኛ ነው። የቆመው ፍጡር ዞር ብሎ ጥንቱን ያለመው እንደሆነ አድርጌ ነው የምሰማው። እንደዚያ ሲሆን ይገጥማል።

ሌላው ነገር ግን ይገርማል። አልበሙ መቆምን ከሁሉ በፊት አስቀደመው፤ ከማኅበር በፊት፣ ከፍቅር በፊት፣ ከታሪክ በፊት። በ1972 የቱ ቀደመ፣ ትልቁ አንጎል ወይስ ሁለቱ እግሮች የሚለው ክርክር ገና አልበረደም ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ ድንቅነሽ ተገኘች። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው። ከመላ አጥንቷ 40 በመቶ ገደማው ተገኝቷል። ዳሌዋና የጭኗ አጥንት ቀጥ ብላ ትሄድ እንደነበር ይመሰክራሉ። አንጎሏ ግን ከቺምፓንዚ ብዙም አይበልጥም። መጀመሪያ ቆምን፤ ማሰቡ ቆይቶ መጣ።

ፈረንጆቹ ሉሲ ያሏት ያን ምሽት ካምፑ ውስጥ ሲጫወት ከነበረ የቢትልስ ዘፈን ወስደው ነው። የሰው ልጅ ታሪክ ውስጥ ሮክ ሙዚቃ አንድ ጊዜ በይፋ ገብቷል ማለት ነው፣ በእኛው በረሃ።

አንድ ቅዳሜ ብሔራዊ ሙዚየም ሄጄ ድንቅነሽ ፊት ቆሜ ሁለተኛውን ሙዚቃ ሰማሁት። የተማሪዎች ጉብኝት ነበር። አንዲት ልጅ መስተዋቱ አጠገብ ሄዳ በራሷ ቁመትና በድንቅነሽ ቁመት መካከል መዳፏን ታመላልሳለች። እኩል ነበሩ። ድንቅነሽ አንድ ሜትር ከአሥር ሴንቲ ሜትር ገደማ ናት። ልጅቷ ዞራ ለጓደኛዋ «እኔን ታክላለች» አለቻት።

ሃይማኖተኛ ሰው ነኝ። ያስቀይመኛል?

በግልጽ ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ዘፈን ፍጥረት ራሱን ፈጠረ ይላል። ያንን አለዝቤ ብተረጉምላችሁ ማታለል ይሆናል። የሚያምን ሰው ሊከራከረው ይችላል፣ መብቱም ነው።

ነገር ግን በማንም እምነት ላይ አያላግጥም። ለማሰብ ሞክር ነው የሚለው። ከዚያ በኋላ ያለው ደግሞ ፍርሃት፣ ብቸኝነት፣ ፍቅርና ሞት ነው፤ እነዚህ የአማኝም የኢአማኝም ናቸው። ይህን አልበም የሚወዱ ቆራቢ ጓደኞች አሉኝ። አንዱ የመጀመሪያውን ዘፈን ዘልሎ ከሁለተኛው ይጀምራል። እኔ ዝለሉ አልልም፤ እሱ ግን እንደዚያ ነው የሚሰማው፣ ስድስተኛው ላይ ሲደርስም ዐይኑን ይጨፍናል።

«ሚዜሬሬ» ምንድን ነው?

ስድስተኛው ሙዚቃ «ሚዜሬሬ ለታሪክ» ይባላል። ሚዜሬሬ በላቲን «ማረኝ» ማለት ነው። የዳዊት መዝሙር የሚጀምርበት ቃል ነው፤ በግዕዙ ዳዊት 50ኛው፣ «ተሣሀለኒ እግዚኦ በከመ ዕበየ ሣህልከ» የሚለው። እንግዲህ አስቡት። ያ ጸሎት እዚህ የተደረሰው ለታሪክ ነው። ሰው የሠራውን ሁሉ ይዞ ይቆምና ማረኝ ይላል።

ቃሉ ጥቂት ነው፣ አብዛኛው ሙዚቃ ነው። ከጥቂቱ ቃል አንዱ ሰውን ይጠይቃል፦ ከኋላህ ዘርህ እየጠፋ ከሆነ አእምሮህ ስንት ዕድሜ ቀረው? እስከዚህ ድረስ ዝግመተ ለውጥ ወደ ላይ መውጣት ይመስል ነበር። እዚህ ላይ መሰላሉ ያልቃል።

ይህን በሰማሁ ቁጥር የእኛ ሁለት ቀኖች ትዝ ይሉኛል። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ስድሳዎቹ አዲስ አበባ ላይ ተረሸኑ። በማግስቱ ሐዳር ላይ ድንቅነሽ ተገኘች። አንድ አገር፣ አንድ ሌሊትና አንድ ቀን። ጣልያኖቹ ይህን አያውቁም ነበር። ዘፈኑ ግን ለዚያ ሌሊት የተሠራ ይመስለኛል።

ጣልያንኛ አልችልም። ይገባኛል?

ይገባችኋል። እኔም ስጀምር ከጋራዥ ጣልያንኛ በቀር አላውቅም ነበር፤ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ቸርኬ። መጀመሪያ ያለምንም ትርጉም ሙሉውን አንዴ ስሙ። ሁለተኛ ጊዜ የዘፈኖቹን ርዕስ እዚህ ካለው ጋር እያያችሁ ስሙ። ግጥሙን በሦስተኛው ጊዜ ፈልጉት።

የእንግሊዝኛ ቅጂ የሚጠይቁኝም አሉ። ባንዱ በ1975 ማንቲኮር በተባለው የእንግሊዝ አሳታሚ በኩል ለውጭ አገር አድማጭ አንድ አልበም ሠርቶ ነበር፤ ጥቂት ዘፈኖች በእንግሊዝኛ አሉበት። ከ«ዳርዊን!» ግን አንድም አልገባበትም። ደግ አደረጉ። ዲ ጃኮሞ በራሱ ቋንቋ ሲሆን ነው ዲ ጃኮሞ የሚሆነው።

የትኛውን ቅጂ ልስማ?

የ1972ቱን። ባንዱ በ1991 የመጀመሪያዎቹን ሁለት አልበሞች እንደገና ቀርጿል። ድምፁ የጠራ ነው፣ ልጆቹም ጎልምሰዋል። እኔ ግን በመጀመሪያው ቅጂ ላይ ያለውን ሻካራነት ነው የምፈልገው። ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ያሉ ልጆች ከአቅማቸው በላይ የሆነ ነገር ሲያነሡ ይሰማል። ዩቲዩብ ላይ ስትፈልጉ ዓመቱን አይታችሁ ክፈቱ። በማዳመጫ፣ ማታ፣ ሳታቋርጡ። ሚኒባስ ውስጥ አይሆንም፤ ሞክሬዋለሁ፣ ጸጥ የሚሉት ቦታዎች ሁሉ በወያላው ጥሪ ተዋጡብኝ።

ባንዱ አሁን አለ?

አለ። ጃኒ በ80ዎቹ ለቀቀ። ከ«ዳርዊን!» በኋላ የገባው ጊታሪስት ሮዶልፎ ማልቴዜ በ2015 አረፈ። ቪቶሪዮ ኖቼንዚ ግን ከአዲስ ሙዚቀኞች ጋር ቀጠለ፤ በ2019ና በ2022 አዳዲስ አልበሞች አውጥተዋል።

ከዚህ በኋላ ምን ልስማ?

የራሳቸውን ሦስተኛ አልበም፣ የ1973ቱን፤ «ነፃ ሆኜ ተወለድኩ» ይባላል። የሚጀምረው ለአንድ የፖለቲካ እስረኛ በተዘፈነ ረጅም ሙዚቃ ነው። ከሌሎች ደግሞ የፒ.ኤፍ.ኤም.ን ሁለተኛ አልበምና «ለ ኦርሜ» የተባለው የጣልያን ባንድ የሠራውን «ፌሎና ኤ ሶሮና» የተባለ አልበም።

መጨረሻው ላይ ሲጥጥ የሚል ድምፅ አለ። ስፒከሬ ተበላሽቶ ነው?

ስፒከራችሁ ደህና ነው። መንኮራኩር ነው።

ሰባተኛው ሙዚቃ ርዕሱ ረጅም ነው፦ «አሁን ጊዜን ጊዜ እጠይቀዋለሁ፤ እሱም የለኝም! ይለኛል»። ጣልያኖች ሰው ሲቸኩል «ለጊዜ ጊዜ ስጠው» ይላሉ፤ እኛም እንላለን። ርዕሱ ያንን አባባል ገልብጦታል። ሰውዬው ራሱ ሄዶ ጊዜን ይለምነዋል፣ ጊዜ ደግሞ ባዶ እጁን ያሳየዋል።

ዘፈኑ አጭር ነው፣ 3 ደቂቃ ተኩል። ከ14 ደቂቃ የጀመረ አልበም በዚህ ማለቁ ራሱ ይናገራል። ዲ ጃኮሞ የሚያናግረው ዘላለማዊውንና ከባዱን መንኮራኩር ነው። ዜማው ይዞራል። ከሥሩ ዘይት ያልጠጣ አሮጌ መንኮራኩር ሲጥጥ ይላል፣ ትንሽ ይቆያል፣ ሲጥጥ ይላል። ድምፃዊው ዝም ካለ በኋላ ወዲያው አታጥፉት። ድምፁን ጨምሩና መንኮራኩሩ አንድ ዙር እስኪሞላ ጠብቁ።